ትከሻዬን ብላት ቅልጥሜን

ሃያ ስድስት ዓመት ደሴን ስቆፍራት፣
ቧንቧዋን ስፈታ፣ መልሼ ሳስራት፣
እንግሊዝ ቁልፍ ይዞ የኖረው ቀኝ እጄ
በጥቅምት ማለዳ ከዳኝ እንደ ልጄ።
ከደረቴ በላይ አልወጣም አለና
ሸሚዝ የምለብሰው በግራዬ ልመና።

ወጌሻው ሙሄ ዘንድ ሦስት ጊዜ ሄድኩኝ፤
አሸኝ፣ ጎተተኝ፣ እንደ ጥጃ ጮኽኩኝ።
«ሥሩ ዞሯል» አለ፤ የቱ ሥር፣ አላለም።
ሆስፒታል ሲያነሡኝ በፎቶው ምንም የለም።

ይመር ነው የላከኝ፣ ቆጣሪ አንባቢው፣
ወሬን ከየደጁ እንደ ቁጥር ሰብሳቢው፤
«ኮምቦልቻ ውረድ፣ አንዲት ቻይና አለች፣
መድኃኒት የሌለው መርፌ ትወጋለች።»

ወረድኩ።
ሚኒባሱ ሐረጎን ሲጠማዘዝ ሲወርድ፣
ጆሮዬ ሲደፈን፣ ጋቢዬ ሲከብድ፣
ኮምቦልቻን ካየሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ።
ልጄ እዚያ ነው ያለው።
ማንም አልጠየቀኝ።

ክፍሏ ከጎሚስታው ቀጥሎ ያለች ናት፣
ጎማ ጎማ የምትሸት፣ አንድ አልጋ ያላት።
ግድግዳው ላይ አንድ ራቁቱን የቆመ ሰው፣
ከእግር ጥፍር እስከ አናቱ መስመር የለበሰው።
ሳቄ መጣ። ይህን ሥዕል አውቀዋለሁ!
ከቢሯችን በር ኋላ ስንቴ አይቼዋለሁ፤
ዋናው በቀይ ቀለም፣ ቅርንጫፉ ሰማያዊ፣
የደሴ ካርታ ነው፤ ምንም የለው ቻይናዊ።

ጦይባ ናት አስተርጓሚ፣ የክር ፋብሪካ ልጅ፦
«ዋና መስመር አሥራ ሁለት አለ ትላለች፣ ከእግር እስከ እጅ፤
ከዋናው የሚወጣም አለ፣ ዋናን ከዋና የሚያገናኝ፣
እንደ መረብ። ሲዘጋ ነው የሚያመን» አለችኝ።
«የሚፈሰውስ ምንድን ነው? ደም ነው?» ብል ተያዩ፤
ረጅም አወሩ፤ ጣሪያውን አዩ።
«ደም ብቻ አይደለም፤ እስትንፋስ ዓይነት… እንጃ፣
በአማርኛ ቃል አጣሁ» አለች ጦይባ።

እኔ ግን ቃል አለኝ።
የዛፉም ሥር ነው፣ የደሙም ሥር ነው፣
ጦሳ ሥር ነው ቤቴ፣ ከተራራው በታች ያለው።
ሙሄ «ሥሩ» ሲል አልዋሸም ኖሯል ለካ፤
የቱ ጋ እንደሚቆፈር ነው ያልለካ።

«ክንድህ መጨረሻ ከፍ ያደረገው ምንድን ነበረ?»
«ቧንቧ» አልኩ። «ስድስት ሜትር።»
ቧንቧ አልነበረም።
ባዶውን ነው የወጣው፤ ሲወርድ ጉንጭ ነበረ።
ጦይባ ቧንቧውን ተረጎመች። ሐኪሟ ዝም ብላ አየችኝ፤
ውሸት አስተርጓሚ እንደማይፈልግ ያኔ ገባኝ።

ከዚያ ትከሻዬን ብላት ቅልጥሜን ያዘች፤
ከጉልበቴ በታች በአራት ጣት ለካች፣
ወጋች።
ቀጭን ነው፣ እንደ ፀጉር። አያምም።
ግን ፈረቃው ደርሶ ውሃ ሲለቀቅ
ቧንቧው መጀመሪያ አየር እንደሚተፋ፣
እንደሚያስል፣ እንደሚንቀጠቀጥ፣
ያን የመሰለ ነገር በውስጤ ተላወሰ።
«አሁን ክንድህን አንሣው፤ ቀስ።»

የላይ ሰፈር ሲጠማ ሴቶች ጀሪካን ሲደበድቡ
እኛ ታች ወርደን ነው የምንቆፍረው፣
ቧንቧው በደረቀበት አይደለም የተዘጋው።
ይህን ለስንት ጀማሪ አስተምሬአለሁ!
እስከ ጆሮዬ ወጣ።
«ቀሪው ሌላ ቀን» አለች፤ መርፌዋን አወጣች።

ውጭ አመሻሽ ነው። የፋብሪካው ፉጨት ጮኸ።
ፈረቃ ሲባል ለእኔ ውሃ ነበር እስከ ዛሬ።
በሩ ሲከፈት መጀመሪያ አየር ነው የወጣ፣
አንድ ዘበኛ፣ አንድ ብስክሌት፤
ቀጥሎ ሰው መጣ፣
ሰው፣ ሰው፣ ፀጉሩ ላይ ጥጥ ያለ ሰው፣
ሁሉም የልጄ ቁመት ያለው።

ክንዴን አነሣሁት። እስከ ጆሮዬ ነው ለጊዜው።
አንድ ባጃጅ ለእሱ መስሎት ቆመ፦
«ወዴት ነህ አባባ?»
«ትንሽ ጠብቅ» አልኩት።